እናቴና የአዲስ አበባ ሰልፍ

መገናኛ፤ ከቀኑ 11 ሰዓት ተኩል ሆኗል። ወደ አያት የሚሄዱ ሰዎች የተሰለፉበት መስመር ከታክሲዎቹ መቆሚያ ተነስቶ፣ የጀበና ቡና ሻጯን አልፎ፣ ሶፍትና ማስቲካ የሚያዞሩትን ልጆች ከብቦ ወደ ኋላ ይታጠፋል። እኔና እናቴ ጭራው ላይ ቆመናል። እንደ ልማዴ ከፊታችን ያለውን ሰው ቆጠርኩ። 70 ሰው አለ። አንድ ሚኒባስ 12 ሰው ቢጭን፣ የስድስተኛው ታክሲ የመጨረሻ ሁለት ወንበሮች የእኛ ናቸው ማለት ነው።

«ምን ትቆጥሪያለሽ?» አለችኝ እናቴ።

«ሰው ነዋ እማዬ። ስንተኛው ታክሲ ላይ እንደምንሳፈር ለማወቅ።»

«ሰው አይቆጠርም ልጄ» አለችና ነጠላዋን አስተካከለች።

እኔ ደግሞ መቁጠር እንጀራዬ ነው። ቢዝነስ ተምሬ በአንድ ድርጅት ውስጥ በማርኬቲንግ ባለሙያነት እሠራለሁ። ስንት ደንበኛ መጣ፣ ስንቱ ጠበቀ፣ ስንቱ ተሰላችቶ ተመለሰ እያልኩ ነው የምውለው። ማታ ማታ ግን ሰልፉ ውስጥ ስገባ ደንበኛዋ እኔ ነኝ፤ ተሰላችቼ የምመለስበት ሌላ ሱቅ ደግሞ የለም። ቤት የአራት ዓመት ሴት ልጅ ትጠብቀኛለች። ከምሽቱ 2 ሰዓት ተኩል በፊት ከደረስኩ ታቅፈኛለች፤ ካለፈ ተኝታ አገኛታለሁ።

የዚያን ዕለት ምሽት የሆነውን ከማጫወቴ በፊት ግን እናቴ እዚያ ሰልፍ ላይ እንዴት እንደተገኘች ልንገራችሁ።

ከድባጤ እስከ አውቶቡስ ተራ

የተወለድኩት ድባጤ ነው። በቤኒሻንጉል ጉሙዝ ክልል፣ መተከል ዞን ውስጥ፣ ጉሙዙ፣ ሺናሻው፣ አገው፣ አማራውና ኦሮሞው በአንድ ገበያ የሚገበያዩባት ወረዳ ናት። በልጅነቴ ትራንስፖርት ማለት እግር ነበር። የጉሙዝ እናቶች ትከሻቸው ላይ በጣሉት ዘንግ በሁለቱም ጫፍ ሸክም አንጠልጥለው፣ ሚዛኑን ሳያዛንፉ ገበያ ሲገቡ እያየን ነው ያደግነው። መኪና ከተገኘ ደግሞ ሲሞላ ይነሳል። ሰዓት የሚባል ነገር የለም፤ ሾፌሩ የማን ልጅ እንደሆንሽ ያውቃል፤ የታመመ ካለ ጋቢናው የእሱ ነው።

እናቴ አዲስ አበባ መጥታ የማታውቅ ሰው አይደለችም፤ ስመረቅ መጥታ ነበር። ነገር ግን ኅዳር 5 ቀን 2013 ዓ.ም. ምሽት በድባጤ ወረዳ በመንገደኞች አውቶቡስ ላይ ጥቃት ደረሰ። የኢትዮጵያ ሰብዓዊ መብቶች ኮሚሽን ቢያንስ 34 ሰዎች መገደላቸውን አስታወቀ። ያ ዜና ለሌላው ሰው ከብዙ አሳዛኝ ዜናዎች አንዱ ሊሆን ይችላል። ለእኛ ግን የምናውቀው መንገድ፣ ሁላችንም ስንመላለስበት የኖርነው መንገድ ነበር። ከዚያ በኋላ እናቴ አውቶቡስ ላይ መሳፈር ተወች። ልጄ ስትወለድ ልታርሰኝ አልመጣችም። የልጅ ልጇን ለአራት ዓመት የምታውቃት በስልክ መስኮት ብቻ ነበር።

በመጨረሻ አንድ ቀን ደውላ «የልጅ ልጄን ሳልስማት ልሙት እንዴ?» አለችኝ። ከአንዲት ነጋዴ ጎረቤታችን ጋር በቻግኒ፣ በእንጅባራ፣ በደብረ ማርቆስ አድርጋ፣ የዓባይን በረሃ ወርዳና ወጥታ አውቶቡስ ተራ ስትደርስ ተቀበልኳት። አንድ እጇ ማር፣ ሌላው እጇ በሶ ይዟል። ከአውቶቡሱ እንደወረደች መጀመሪያ ያደረገችው ነገር ዞር ብላ ሾፌሩን መመረቅ ነው።

«እንደምን አደራችሁ» በባቡር ውስጥ

እናቴ ዓይኗ እየደከመ ስለነበር መነጽር እንዲታዘዝላት ስታዲየም አካባቢ ቀጠሮ ያዝኩላት። ፈቃድ ወሰድኩና ጠዋት ከአያት በቀላል ባቡር ለመሄድ ወሰንን።

የአዲስ አበባ ቀላል ባቡር መስከረም 9 ቀን 2008 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር ከተማው እንዴት እንደተደሰተ የምታስታውሱ ታስታውሳላችሁ። መጀመሪያ የተከፈተው የሰሜን ደቡቡ መስመር ነበር፤ ከአያት ጦር ኃይሎች የሚደርሰው የምሥራቅ ምዕራቡ መስመር ከሁለት ወር ገደማ በኋላ ተከተለ። ሁለቱ መስመሮች ተደምረው 34 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሆናሉ፤ 39 ጣቢያዎች አሏቸው፤ ከስታዲየም እስከ ልደታ ባለው ክፍል ደግሞ አንድ ሐዲድ ይጋራሉ። ግንባታው 475 ሚሊዮን ዶላር የፈጀ ሲሆን አብዛኛው ገንዘብ ከቻይና ኤግዚም ባንክ የተገኘ ብድር ነው። ሲጀመር ቲኬቱ እንደ ርቀቱ ከ2 እስከ 6 ብር ነበር። በዚያ ዋጋ ከከተማዋ ዳር እስከ ዳር መሄድ ለተማሪውም ለቀን ሠራተኛውም ትልቅ እፎይታ ሆኖ ነበር።

ከዓመታት በኋላ ግን መለዋወጫ ጠፋና ሥራ ሲጀመር ከነበሩት 41 ባቡሮች አብዛኞቹ የቆሙበት ጊዜ መጣ። ባቡር ሲቀንስ የሚጠፋው ወንበር ብቻ አይደለም። ያልተሳፈረው ሰው ወደ ታክሲና ወደ አውቶቡስ ሰልፍ ይወርዳል፤ ስለዚህ ባቡር ረግጦ የማያውቅ ሰው እንኳን ሰልፉ ለምን እንደረዘመበት ሳያውቅ ዋጋውን ይከፍላል።

እናቴ ይህን ሁሉ አታውቅም። በሩ ሲከፈት ገባችና እንደ ቤቷ ልማድ «እንደምን አደራችሁ!» አለች፤ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ፣ ለሁሉም። ሠረገላው ጸጥ አለ። ጆሮ ማዳመጫ ያደረጉት ቀና አሉ። እኔ በኀፍረት ወደ መስኮቱ ዞርኩ። ከዚያ አንድ አዛውንት «እግዚአብሔር ይመስገን፣ እንደምን አደሩ» ብለው መለሱ። አንዲት ተማሪ ተነስታ ቦታዋን ለቀቀችላት። መሪ ስንደርስ እናቴ የተማሪዋን ደብተር ጭኗ ላይ ይዛላት ነበር፤ ጉርድ ሾላ ስንደርስ ደግሞ ልጅቷ የስንተኛ ክፍል ተማሪ እንደሆነችና ስንት ወንድም እንዳላት አውቃለች። እኔ በዚያ ባቡር ለዓመታት ስመላለስ የአንድም ሰው ስም አላውቅም።

አንበሳ፣ ውይይት፣ ሚኒባስ

መነጽሩ ታዞ ስንጨርስ ቀኑ መሽቶ ነበር። ከስታዲየም ወደ መገናኛ በአውቶቡስ መጣን። እናቴ ለስንት ዓመት እምቢ ያለችው ነገር ላይ ሳታስበው ተሳፍራ፣ በተለቀቀላት ወንበር ተቀምጣ ሰው ስታይ ደስ አለኝ፤ ምንም አላልኳትም።

የከተማ አውቶቡስ በአዲስ አበባ ረጅም ዕድሜ አለው። አንበሳ አገልግሎት የጀመረው ጣልያን ከአገር ከወጣ በኋላ፣ በ1930ዎቹ ዓመታት ነው። የበዓል ልብስ የመሰለ ቀይና ቢጫ ቀለሙን፣ መስመሩ በቁጥር የሚጠራውን አንበሳ የማያስታውስ የከተማ ልጅ የለም። በኋላ እዚሁ ቢሾፍቱ የተገጣጠሙት አውቶቡሶች መጡ፤ ሸገር ተጨመረ፤ ለመንግሥት ሠራተኞች ደግሞ መታወቂያ አሳይቶ የሚገባበት ፐብሊክ ሰርቪስ ተቋቋመ። ቅጥቅጡና ሃይገሩም አለ። አሁን አሁን በኤሌክትሪክ የሚሠሩት አውቶቡሶችም መንገድ ላይ ይታያሉ።

የከተማዋ ዋና ሸክም ግን አሁንም ሰማያዊ በነጭ የተቀባው ሚኒባስ ላይ ነው። ከእሱ በፊት ሰዎች ፊት ለፊት ተያይተው የሚቀመጡበት «ውይይት» ነበር፤ ስሙ ራሱ ታሪክ ይናገራል። ዛሬ በሚኒባስ ውስጥ ፊት ለፊት የሚተያየው «ሞተር ላይ» የተቀመጠው ሰው ብቻ ነው፤ እሱም ከሁሉም ጋር።

ለእናቴ የታክሲውን ቋንቋ ማስተማር ነበረብኝ። «ወራጅ አለ» ማለት እወርዳለሁ ነው። «ሂሳብ» ሲባል ከኋላ ያለው ለፊተኛው ያቀብላል፤ መልሱም በዚያው ይመለሳል። በማያውቁት ሰው እጅ ብር መላክ ለእኛ ተራ ነገር ሆኗል፤ እናቴ ግን «እና ማንም አይሰርቅም?» ብላ ተገረመች። አይሰርቅም። ሌላም የሚያምር ልማድ አለን፦ የምናውቀው ሰው ታክሲ ውስጥ ካጋጠመን ሂሳቡን ለመክፈል መጣላት። «የሷን እንዳትቀበል!» «ሞቼ እገኛለሁ!» እየተባለ ረዳቱ መሐል ላይ ሲጨነቅ ያላየ አለ?

በሌላ በኩል የሚያበሽቅም አለ። አንድ ምሽት የተሳፈርኩበት ታክሲ ታፔላው የሚለው ቦታ ሳይደርስ መንገድ ላይ «መጨረሻ ነው፣ ውረዱ» አለን። መስመር አቆራርጦ ሁለት ጊዜ ለማስከፈል ነበር። ያን ቀን ቤት ስገባ ልጄ ተኝታ ነበር። ሾፌሩም የነዳጅና የመለዋወጫ ዋጋ ያማርረዋል፤ እውነትም አለው። ግን የእሱ ኪሳራ የሚወራረደው በእኛ ልጆች ሰዓት መሆኑ ያሳዝናል።

ሰልፍ ለምን ይረዝማል?

ዴቪድ ማይስተር የተባሉ የአስተዳደር ምሁር እ.ኤ.አ. በ1985 ስለ መጠበቅ ሥነ ልቦና የጻፉትን ጽሑፍ ዩኒቨርሲቲ እያለሁ አንብቤዋለሁ። ዋና ሐሳባቸው ቀላል ነው፦ መጨረሻው የማይታወቅ ጥበቃ፣ ርዝመቱ ከታወቀ ጥበቃ ይልቅ ይረዝማል፤ ምንም ሳይሠሩ መጠበቅ፣ እየሠሩ ከመጠበቅ ይረዝማል። ያኔ የባንክና የሱቅ ነገር መስሎኝ ነበር። ለካ መገናኛ ላይ የሚያደክመን ቆሞ መጠበቁ ብቻ አይደለም፤ ቀጣዩ ታክሲ በ5 ደቂቃ ይምጣ በ50 ደቂቃ አለማወቃችን ነው። እኔም ሰው የምቆጥረው ለዚህ ነው፤ የማላውቀውን ነገር የማውቀው እንዲመስለኝ።

ሌሎች ከተሞችም በዚህ አልፈዋል። ዳሬሰላም እ.ኤ.አ. በ2016 ለአውቶቡስ ብቻ የተለየ መንገድ ሠርታ ፈጣን አውቶቡስ ጀምራለች። በእኛም ከተማ ለአውቶቡስ የተለዩ መስመሮች በአንዳንድ መንገዶች ላይ አሉ፤ ከዊንጌት ጀሞ የሚዘልቅ የፈጣን አውቶቡስ መስመርም ታቅዶ ቆይቷል። አውቶቡሱ የራሱ መንገድ ካለው የሚመጣበትን ሰዓት መናገር ይቻላል። ተሳፋሪው የሚፈልገው ፍጥነት ብቻ አይደለም፤ እርግጠኝነትም ነው።

የሰልፉን በጎ ነገርም መካድ አይገባም። በፊት ታክሲ የሚያዘው በግፊያ ነበር፤ ጉልበት ያለው ይገባል፣ እናቶችና ነፍሰ ጡሮች ይቀራሉ። ዛሬ ማንም ሳያዝዘን ተራችንን ይዘን እንቆማለን። ያን ዕለት ማታ ግን የሰልፉን ሥርዓት በጎም መጥፎም ጎን በአንድ ጊዜ አየሁ።

ስድስተኛው ታክሲ

አምስት ታክሲዎች ጭነው ሄዱ። ስድስተኛው ሲመጣ አንዲት ነፍሰ ጡር ሴት ከጎን ደረሰች። ሰልፉ በአንድ ድምፅ «ትግባ፣ ትግባ» አለ። እኔም አልኩ። ስሌቴ የተበላሸው እዚያ ላይ ነው። እኛ በሩ ጋ ስንደርስ የቀረው አንድ ወንበር ብቻ ነበር።

«ቀጣዩን እንጠብቃለን» አልኩ። ረዳቱ ግን «ማዘር፣ ግቢ ግቢ!» አለ። ከኋላችን ያሉትም «እማማ ይግቡ፣ ደክመዋል» እያሉ ደገፏት። እናቴ እኔ ከኋላዋ የምገባ መስሏት ወጣች። «የሞላ!» በሩ ተዘጋ። ታክሲው ሄደ።

ሁለት እርምጃ ሮጥኩና ቆምኩ። እናቴ የምወርድበትን ፌርማታ አታውቅም። የቤቴን አቅጣጫ አታውቅም። የኪሷ ብር ነጠላዋ ጫፍ ላይ የተቋጠረ ነው። ስልኳ ላይ ከምታውቀው ቁልፍ አንዱ አረንጓዴው ነው። ደወልኩ፤ አልተነሳም። ደገምኩ፤ አልተነሳም። በጭንቅላቴ የመጣው አያት አልነበረም፤ ከዓመታት በፊት ስልክ ይዤ ድባጤ የሚያነሳልኝ ሰው ያጣሁባቸው ምሽቶች ነበሩ።

አራተኛው ላይ የማላውቃት ሴት ድምፅ መለሰልኝ። «የእማማ ልጅ ነሽ? አይዞሽ፣ አጠገቤ ናቸው። አያት አደባባይ አብሬያቸው ወርጄ እጠብቅሻለሁ፤ ቀስ ብለሽ ነይ።»

ፊቴን አይተው ይሁን እንጃ፣ ከኋላዬ የነበሩት ሁሉ የሰሙ ይመስለኛል። ቀጣዩ ታክሲ ሲመጣ ተራ አስከባሪው «እሷን አስቀድሙ» አለ። ከሲኤምሲ በኋላ መንገዱ ተዘጋጋና 40 ደቂቃ ፈጀብኝ።

አያት ስደርስ እናቴ ቡና ሻጯ አጠገብ የፕላስቲክ ወንበር ላይ ተቀምጣ ቡና ይዛለች። ሴትዮዋ ቆማ ትጠብቃለች። ወደ ሰፈሯ የሚወስደው ታክሲ እየመጣ እየሄደ ሁለቱ አልፈዋታል። እሷም ቤቷ ልጆች አሏት። የእናቴን ሂሳብ ከፍላለች፤ ልመልስላት ብል «ለእናቴ ብከፍል ልትመልሽልኝ ነበር?» ብላ እጄን ገፋችው። ስሟን እንኳን በቅጡ ሳልጠይቃት ሩጣ ቀጣዩ ታክሲ ላይ ገባች።

እናቴ ግን አልደነገጠችም። «መኪናው ውስጥ ያሉት ሁሉ ድባጤን አወቋት» አለችኝ። «የእኛ አገር ማር ከየት እንደሚገኝ ጠየቁኝ። አንቺ ነሽ እንጂ የጠፋሽው፣ እኔማ ከሰው ጋር ነበርኩ።»

ቤት ስንገባ 2 ሰዓት ከ40 ሆኖ ነበር። ልጄ አልተኛችም። አያቷን ስትጠብቅ ነበር።

ለቤተሰብ የሚሆን የጉዞ ምክር

ከዚያ ምሽት በኋላ እኔና ባለቤቴ ተቀምጠን ቤታችን የሚመራበትን ደንብ አወጣን። ለእናንተም ይጠቅም ይሆናል።

አንደኛ፣ ከአዛውንት ወይም ከሕፃን ጋር ስትጓዙ መጨረሻ የሚገባው አዋቂው አይሁን። አንድ ወንበር ብቻ ከቀረ «ሁለት ነን» ብላችሁ በግልጽ ተናገሩና ለቀጣዩ ቁሙ።

ሁለተኛ፣ ከተማውን ለማያውቅ እንግዳ ስልክ ቁጥራችሁን፣ የሚወርድበትን ፌርማታና በአቅራቢያው ያለ የታወቀ ምልክት በወረቀት ጽፋችሁ ኪሱ ውስጥ አስቀምጡለት። ስልክ ባትሪ ይጨርሳል፤ ወረቀት አይጨርስም።

ሦስተኛ፣ የሐኪም ቤትና የቢሮ ጉዳይ ቀጠሮን ከተቻለ ከረፋዱ 4 ሰዓት እስከ 8 ሰዓት ባለው ጊዜ አድርጉት። ጠዋት ከ12 ሰዓት ተኩል እስከ 2 ሰዓት ተኩል፣ ማታም ከ11 ሰዓት በኋላ ያለው የሠራተኛና የተማሪ ሰዓት ነው።

አራተኛ፣ ዝርዝር ብር ያዙ። በቴሌብር በሚከፈልበት አውቶቡስ የምትሄዱ ከሆነ ሂሳቡን ቀድማችሁ አዘጋጁ። ስልካችሁን ግን ሰልፍ ላይ እንደያዛችሁ አትቁሙ።

አምስተኛ፣ ማታ ብቻችሁን የምትመለሱ እህቶች የታክሲውን ሰሌዳ ቁጥር ቤት ላለ ሰው መላክን ልማድ አድርጉ። የሚፈጀው ግማሽ ደቂቃ ነው።

ስድስተኛ፣ አለቃችሁን ጠይቁ። እኔ አንድ ሰዓት ቀድሜ ገብቼ አንድ ሰዓት ቀድሜ እንድወጣ ጠየቅኩ። ይከለክሉኛል ብዬ ስፈራ ስንት ዓመት ኖሬ፣ ፈቃዱ የተገኘው በ5 ደቂቃ ንግግር ነው። አሁን በሳምንት አራት ቀን ልጄን ነቅታ አገኛታለሁ። ድርጅቶች የሠራተኛቸውን ሰዓት ትንሽ ቢያለሳልሱ የሚያጡት ጥቂት ነው፤ ሰልፉም በዚያው ልክ ይቀልላል።

እናቴ ሦስት ሳምንት ቆይታ ወደ ድባጤ ተመለሰች። ጎህ ሳይቀድ ወደ መናኸሪያ ሸኘኋት። አውቶቡሱ ላይ ወጥታ «እንደምን አደራችሁ» ስትል ከውጭ ሰማኋት፤ ብዙ ሰው መለሰላት። ያን ቀን ቢሮ ሥራ አልሠራሁም ማለት ይቻላል፤ ስልኬን ሳይ ዋልኩ። በነጋታው ማምሻውን፣ እኔ መገናኛ ሰልፍ ላይ እያለሁ ተደወለ።

«ገብቻለሁ ልጄ፣ በሰላም ገብቻለሁ። ቤት ነኝ» አለች። ከዚያም ሳቅ ብላ ጠየቀችኝ፦ «አንቺስ? ዛሬ ስንት ሰው አለ ከፊትሽ?»

አልቆጠርኩም ነበር።